ልብን ሰብስቦ ስለ መጸለይ፤ ከጣና አባቶች ታሪክ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፥ ዛሬ የምንነግራችሁ ነገር ከአንድ ሽማግሌ ንግግር የተነሣ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፥ በደራ ምድር፥ ሐሙሲት የምትባል ከተማ አለች። ስሟ ራሱ እንደሚያስረዳው የሐሙስ ገበያ የሚቆምባት ናት፤ በዚያ ቀን እህሉም ሽንኩርቱም ከብቱም ከየአቅጣጫው ወደ እርስዋ ሲጎርፍ ይውላል፤ የገዥና የሻጭ ድምፅም እስኪመሽ ድረስ አያርፍባትም። ከዚህች ከተማ በስተ ምዕራብ የጣና ሐይቅ አለ፤ በሐይቁም ምሥራቃዊ ዳርቻ በኩል ጥንታዊው የጣና ቂርቆስ ገዳም ይገኛል። ከገበያው እስከ ገዳሙ ያለው ርቀት ብዙ አይደለም፤ ሁለቱ ግን ሁለት ዓለም ይመስላሉ። ይመስላሉ ማለታችን በምክንያት ነው፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እንደርስበታለን።

ከእነዚህ የገበያ ቀኖች በአንዱ ማታ፥ በዕድሜ ከእኛ እጅግ የሚበልጡ አንድ የእህል ነጋዴ ወደ እኛ መጥተው፥ መስቀል ተሳልመው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፥ «አባቴ፥ እኔስ ጸሎት ትቻለሁ» አሉን። ስለ ምን እንደ ተዉ ብንጠይቃቸው እንዲህ ሲሉ መለሱልን፦ «ጧት ቆሜ ዳዊቴን እገልጣለሁ። አፌ ይደግማል፤ ልቤ ግን ሚዛኑ ላይ ነው። ጤፉ በስንት እንደ ዋለ፥ ማን እዳውን እንዳልከፈለኝ፥ እርሱን ሳወጣና ሳወርድ መዝሙሩ ያልቃል። ከሰው ጋር እንኳ ሲነጋገሩ ፊትን ማዞር ነውር ነው። በእግዚአብሔር ፊት ይህን ከማደርግ ዝም ብል ይሻላል ብዬ ተውሁት። በደሴቱ ያሉት መነኮሳት ግን ታድለዋል፤ እነርሱ ገበያ የላቸውም።»

ምእመናን ሆይ፥ ይህን ነገር ቀላል አድርጋችሁ አትመልከቱት። ጸሎትን በስንፍና የተወ ሰው አንድ ቀን ያፍርና ይመለሳል። ጸሎትን በአክብሮት የተወ ሰው ግን መተዉን እንደ ትሕትና ስለሚቆጥረው የሚመለስበት መንገድ እጅግ የጠበበ ነው። ጠላትም ይህን ስለሚያውቅ፥ መጸለይን የሚወድደውን ሰው «አትጸልይ» ብሎ አይፈትነውም፤ «እንዲህ አድርገህስ ምን ትጸልያለህ» ይለዋል እንጂ። ሽማግሌው በደሴቶቹ መነኮሳት ስለ ቀኑ፥ እኛም መልሱን ከደሴቶቹ ታሪክ እንጀምራለን።

በጣና ሐይቅ ውስጥ 37 ያህል ደሴቶች እንዳሉ ይነገራል፤ በብዙዎቹም ላይ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ተተክለዋል። በ13ኛው መቶ ዓመት የሐይቅ እስጢፋኖስ መምህር የነበሩት የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ደቀ መዝሙር አባ ኂሩተ አምላክ ወደዚህ መጥተው የዳጋ እስጢፋኖስን ገዳም መሠረቱ። በ14ኛው መቶ ዓመት ደግሞ፥ በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመነ መንግሥት፥ አቡነ ዘዮሐንስ በክብራን ደሴት ላይ ተቀመጡ። የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲለደስ ዐፅም በዳጋ መኖሩን የሄደ ሁሉ ያውቃል፤ ነገሥታቱ በሕይወታቸው ያላገኙትን ጸጥታ በሞታቸው የፈለጉት ይመስላል።

አባቶች ውኃውን የመረጡት ስለ ምን ነው? ውኃ ቅጥር ነውና። ያለ ታንኳ የሚሻገረው የለም፤ የደንገሉም ታንኳ ብዙ ሸክም አይችልም። ወደ ዳጋና ወደ ክብራን ሴቶች አይገቡም፤ ወሬም እየዘገየ ነው የሚደርሰው። ነገር ግን ሐሳብ ታንኳ አይፈልግም። መነኩሴው ርስቱን፥ ዘመዱን፥ ገበያውን በወደቡ ትቶ ይሳፈራል፤ ትዝታቸው ግን ከእርሱ አስቀድሞ ተሻግሮ በበአቱ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። እንዲያውም በገበያ መካከል ያለ ሰው ጩኸቱ የሐሳቡን ድምፅ ይሸፍንለታል፤ በጸጥታ ያለው ግን የሐሳቡን ኮቴ አንድ በአንድ ይሰማል። ስለዚህ ገበያውና ገዳሙ ሁለት ዓለም ይመስላሉ እንጂ፥ በልብ መባከን ነገር አንድ ናቸው። በጽሙና ከኖሩት አባቶች ጋር የተነጋገረ ሰው፥ ስለዚህ ውጊያ የሚያውቁት ከእኛ ከከተማ ካህናት ይልቅ እነርሱ እንደ ሆኑ ይረዳል።

ይህም በእኛ አገር የተጀመረ አይደለም። የመነኮሳት ሁሉ አባት የሚባለው ቅዱስ እንጦንስ፥ በ356 ዓመተ እግዚእ በግብፅ በረሃ ያረፈው፥ በብቸኝነት ሳለ ሐሳቡ ተበታትኖበት፥ ልቡም ታክቶት፥ መዳን እወዳለሁ ሐሳቤ ግን አልፈቀደልኝም ሲል ወደ ፈጣሪው አመለከተ። ከበአቱም ወጣ ባለ ጊዜ እንደ እርሱ ያለ አንድ ሰው አየ፤ ያ ሰው ተቀምጦ ገመድ ይታታል፥ ተነሥቶ ይጸልያል፥ እንደ ገና ተቀምጦ ይታታል፥ እንደ ገናም ተነሥቶ ይጸልያል። መልአክ ነበር። እንዲህ አድርግ ትድናለህ የሚል ቃልም ሰማ። አስተውሉ፤ መልአኩ ለእንጦንስ ሐሳብን ሁሉ የሚያጠፋ ረቂቅ ጥበብ አላሳየውም። ገመድ አሳየው። ለእጅ ሥራ፥ ለጉልበት መነሣትና መቀመጥ፥ ለአፍ ጸሎት፥ ለቀኑም ሥርዓት ሰጠው።

ሌላም ታሪክ አለ። አንድ ወንድም ወደ አባ ጴሜን መጥቶ፥ ብዙ ሐሳብ እየመጣ ያስጨንቀኛል አለው። ሽማግሌው ወደ ውጭ አውጥቶ፥ ልብስህን ዘርግተህ ነፋሱን ያዘው አለው። ወንድሙም ይህን ማድረግ አልችልም አለ። ነፋሱን መያዝ ካልቻልህ ሐሳብም እንዳይመጣ መከልከል አትችልም፤ የአንተ ድርሻ የመጣውን መቃወም ነው ሲል አሰናበተው። በጣና ዳር የሚኖር ሰው ይህን ለመረዳት ትርጓሜ አያስፈልገውም፤ ከሰዓት በኋላ በሐይቁ ላይ የሚነሣውን ነፋስ ማንም ታንከኛ አይከለክለውም፤ ታንኳውን ግን ወደ ወደቡ ማቅናት ይችላል።

«ነገር ግን ልባቸው ፈጽሞ የማይባዝን ቅዱሳን አልነበሩምን?» የሚል ይኖራል። ነበሩ። በ6ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመን የነበረው ቅዱስ ያሬድ፥ በንጉሡ ፊት ቆሞ ሲያዜም፥ ንጉሡ በተመስጦ ሳለ የዘንጉ ጫፍ የያሬድን እግር ወግቶ ደሙ ፈሰሰ፤ ነገር ግን የወጋውም የተወጋውም ዜማው እስኪፈጸም ድረስ አላወቁም። ይኸው ቅዱስ ያሬድ በጣና ቂርቆስ እንደ ተቀመጠ የገዳሙ አባቶች ከጥንት ጀምሮ ሲናገሩ ኖረዋል። እንግዲህ ከሐሙሲት ገበያ ብዙ ሳይርቅ፥ ሥጋው ሲወጋ ያልተሰማው ሰው መታሰቢያ አለ ማለት ነው። ይህን ታሪክ እናከብረዋለን፤ ነገር ግን ብዙ ሰባክያን በዚህ ታሪክ ምእመናንን ሲወቅሱ ስንሰማ እናዝናለን። የያሬድ ተመስጦ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ ስጦታ ደግሞ እንደ ግብር አይጠየቅም። ይኸው ያሬድ ራሱ በልጅነቱ ትምህርት አልገባ ብሎት ከመምህሩ ሸሽቶ እንደ ነበር፥ ከዛፍ ሥር ተቀምጦም ደጋግማ እየወደቀች በሰባተኛው ጊዜ የወጣችውን ትል አይቶ እንደ ተመለሰ ታውቃላችሁ። ጦሩን የምናስታውስ ሰዎች ትሊቱንም እናስታውስ።

አሁን ወደ መጻሕፍቱ እንለፍ። በቤተ ክርስቲያናችን የትርጓሜ ትምህርት ከብሉይ፥ ከሐዲስና ከሊቃውንት ጉባኤ ቀጥሎ አራተኛ ጉባኤ አለ፤ መጻሕፍተ መነኮሳት ይባላል። መጻሕፍቱም ማር ይስሐቅ፥ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ ናቸው። ከ14ኛው እስከ 16ኛው መቶ ዓመት ባለው ዘመን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ተመልሰው፥ በኋላም በአማርኛ እየተተረጐሙ እስከ ዛሬ ይነገራሉ። ፊልክስዩስ ወንድሞች ሲጠይቁ አረጋውያን ሲመልሱ የተጻፈ ስለ ሆነ፥ ያነበበው ሰው የእኛን ሽማግሌ ጥያቄ የሚመስል ብዙ ጥያቄ ያገኝበታል። «ገበያ የላቸውም» የተባሉት መነኮሳት ስለ ሐሳብ መበተን ይህን ያህል መጻሕፍት ማጥናታቸው ራሱ መልስ ነው። በሽታው የሌለበት አገር መድኃኒቱን አይሰበስብም።

ከሦስቱም የማር ይስሐቅን ነገር ጥቂት እናስፋ። ማር ይስሐቅ በ7ኛው መቶ ዓመት የነበረ፥ ትውልዱ ዛሬ ኳታር በሚባለው አገር አካባቢ የሆነ ሶርያዊ አባት ነው። በነነዌ ጳጳስ ሆኖ ተሾመ፤ ነገር ግን ከአምስት ወር በኋላ ሹመቱን ትቶ ወደ ገዳም ተመለሰ። ስለ ምን እንደ ተወ ሲነገር፥ ሁለት ሰዎች ለፍርድ ቀረቡ ይባላል፤ አንዱ አበዳሪ፥ አንዱ ባለዕዳ። ባለዕዳው ጥቂት ቀን ይሰጠኝ ሲል ለመነ። ማር ይስሐቅም በወንጌል ትእዛዝ የተወሰደብህን እንኳ መልሰህ መጠየቅ አይገባህም፥ ይልቁንስ አንድ ቀን ልትታገሠው ይገባል አለው። አበዳሪውም ወንጌሉን አሁን ተወው አለ። ማር ይስሐቅም የጌታን ወንጌል የማይሰሙ ከሆነ እኔ እዚህ ምን ላደርግ መጣሁ ብሎ ሄደ። በኋላም ከንባብና ከተጋድሎ ብዛት ዓይኑ ታወረ። በጸሎት ስለ መባከን የጻፈልን እንግዲህ ገበያንና እዳን፥ ክርክርንም በዓይኑ ያየ ሰው ነው፤ ይህን ለነጋዴው ሽማግሌ በነገርናቸው ጊዜ ፊታቸው ፈታ አለ።

እርሱ ከሚያስተምረው ሁለት ነገር ብቻ እናንሣ። አንደኛው፥ ሐሳብህ በተበተነ ጊዜ ከጸሎት ይልቅ ንባብን አብዛ ይላል፤ ንባብ የተበተነውን ይሰበስባልና፥ ከተሰበሰበም በኋላ ጸሎቱ ይከተላል። ሁለተኛው፥ ከመዝሙር ብዛት ይልቅ ስግደትን ይወድዳል። ልብ አልታዘዝ ሲል ጉልበት ይታዘዛል፤ ግንባርም መሬት ሲነካ ልብ ዘግይቶም ቢሆን ይከተላል። ትርጓሜ ያስተማሩን መምህር ይህን ሲያስረዱን፥ «የማይባክን ጸሎት እስክታገኝ ድረስ አልጸልይም የምትል ከሆነ፥ ዋና እስክለምድ ድረስ ጣና አልገባም እንዳለ ሰው ነህ» ይሉን ነበር።

አባቶቻችንም ይህን የመነኮሳት ትምህርት በገዳም ብቻ አላስቀሩትም፤ ለሕዝቡ በሥርዓት አከፋፈሉት። ፍትሐ ነገሥት በ14ኛው አንቀጹ ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት ይዘረዝራል፤ አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫም በ14ኛውና በ15ኛው መቶ ዓመት መካከል ሰዓታቱን ደርሶልናል። በእያንዳንዱ ምእመን እጅ ያለው መዝሙረ ዳዊት ግን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቅ ነው። 150ው መዝሙር አሥር አሥር እየሆነ በ15 ንጉሥ ተከፍሏል፤ ደግሞም ለሳምንቱ ቀኖች ተመድቧል። ሰኞ ሦስት ንጉሥ፥ ማክሰኞ ሦስት፥ ረቡዕ ሁለት፥ ሐሙስ ሦስት፥ ዓርብ ሁለት፥ ቅዳሜ ሁለት ይደገማል፤ እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ነው። ውዳሴ ማርያምም እንዲሁ ለሰባቱ ቀን ተከፍሏል። ይህ የደከመ ልብን የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው፤ ልብ ሩቅ መሄድ ስለማይችል መንገዱን በማደሪያ በማደሪያ ከፈለው።

ለሐሙሲት ሰው የሐሙሱ ድርሻ ምን እንደ ሆነ ተመልከቱ። ከ81ኛው እስከ 110ኛው መዝሙር ነው። በዚያ ውስጥ 103ኛው መዝሙር አለ፤ ስለ ሰፊው ባሕርና በላዩ ስለሚመላለሱት መርከቦች፥ ሰውም ጧት ወደ ሥራው ወጥቶ እስኪመሽ ድረስ ስለ መድከሙ ይናገራል። ገበያተኛ ይህን እየደገመ ሥራው ትዝ ቢለው ምን ይደንቃል! መዝሙሩ ራሱ ነው ያስታወሰው። የሐሙሱ ውዳሴ ማርያም ደግሞ ሙሴ ባያት እሳት ሳያቃጥላት በነደደች ቁጥቋጦ ይጀምራል። ሙሴ በዚያ ጊዜ ምን ያደርግ ነበር? የአማቱን የዮቶርን በጎች ይጠብቅ ነበር። በሥራው ላይ ሳለ አየ፤ አይቶም መንገዱን ትቶ ዘወር አለ። እግዚአብሔርም የጠራው ዘወር ማለቱን ባየ ጊዜ ነው፤ መጽሐፍ በግልጥ እንዲህ ይላል። እኛ ደግሞ ልብን መሰብሰብ የምንለው ይህንኑ ዘወር ማለት ነው፤ አንድ ጊዜም አይበቃም።

በቅዳሴ ጊዜ እንኳ ዲያቆኑ ስንት ጊዜ እንደሚያነቃን ልብ ብላችኋልን? ለጸሎት ተነሡ ይላል፤ ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ ይላል፤ ጸልዩ ይላል፤ ጥቂት ቆይቶ እንደ ገና ይላል። ሥርዓቱን የሠሩት አባቶች ሕዝቡ አንድ ጊዜ ከተነገረው በኋላ እስከ መጨረሻው ነቅቶ ይቆማል ብለው አላሰቡም። በቤቱ ብቻውን የሚጸልይ ሰው ዲያቆን ስለሌለው ለራሱ ዲያቆን መሆን አለበት። መቁጠሪያ የተሰጠውም፥ እግዚኦታው 41 ጊዜ የሚደገመውም፥ በመቋሚያ መደገፍ የተፈቀደውም ስለዚህ ነው።

እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት ሳንናገር ብናልፍ እውነተኞች አንሆንም። ዳዊትን በቃሉ የያዘ ሰው ከሁሉ ይልቅ ለመባከን የተጋለጠ ነው፤ ይህም እኛን ካህናቱን ነው። አፍ መንገዱን ስለለመደ ያለ ጌታው እንደሚሄድ በቅሎ ብቻውን ይደርሳል። በልጅነታችን ደበሎ ለብሰን በንባብ ቤት ሳለን፥ አንድ ንጉሥ በቃላችን ደግመን በጨረስን ጊዜ መምህራችን «አሁን ያልከው መዝሙር ስንተኛው ነው?» ብለው ጠየቁን፤ መልስ አጣን። ይገርፉናል ብለን ስንጠብቅ፥ «ከመጀመሪያው አትጀምር፤ ልብህ ከጠፋበት ቦታ ጀምር» አሉን። ከመጀመሪያው ብንጀምር ጸሎቱ ቅጣት ይሆንብንና እንጠላው ነበር። ይህን ምክር ከትርጓሜ ቤት ትምህርታችን ሁሉ ጋር ብንመዝነው እንኳ አይቀልብንም።

ግእዝ የማያውቅ ምእመንም በአማርኛ ይጸልይ። አንዳንድ አባቶች በዚህ እንደማይስማሙን እናውቃለን፤ የግእዙን በረከት አንክድም። ነገር ግን የማይሰማውን ቃል የሚደግም ልብ ሥራ ስለሌለው ሥራ ፍለጋ ይወጣል። ዛሬ ደግሞ ዳዊቱን በተንቀሳቃሽ ስልክ የሚደግም ሰው በዝቷል። አንከለክልም፤ ነገር ግን ዳዊቱንና የገበያውን ወሬ በአንድ መስኮት ያኖረ ሰው ገበያውን በገዛ እጁ ወደ በአቱ አስገብቶታልና፥ የሚችል ሰው የወረቀቱን ይያዝ። ጌታችን ወደ ቤትህ ገብተህ በርህን ዝጋ ብሎ ያዘዘን በር ሲኖረን ነው።

ወደ ሽማግሌው እንመለስ። በዚያች ማታ ሦስት ንጉሥ እንዲደግሙ አላዘዝናቸውም፤ አንድ ንጉሥም አላልን። አንድ መዝሙር ብቻ፥ በአማርኛ፥ ድምፅ አሰምተው፥ ከመዝሙሩ በፊት ሦስት ስግደት ሰግደው እንዲጸልዩ ነገርናቸው። ልብዎ ወደ ሚዛኑ በሄደ ጊዜ አይቆጡት፤ ከጠፋበት ቦታ ጀምረው ይቀጥሉ አልናቸው። ያ እዳውን ያልከፈላቸው ሰው በሐሳባቸው ቢመጣ ደግሞ ስሙን ለእግዚአብሔር ነግረው ወደ መዝሙሩ እንዲመለሱ አከልንበት።

ዐቢይ ጾም ካለፈ በኋላ በሐሙስ ቀን መጡ። «እንዴት ሆኑ?» ብንላቸው፥ «ልቤማ አሁንም ይሄዳል፤ ዛሬ ጧት በአንድ መዝሙር ሰባት ጊዜ ሄደብኝ» አሉን። «ቀድሞስ ስንት ጊዜ ይሄድ ነበር?» አልናቸው። ጥቂት አስበው፥ «ቀድሞማ መሄዱን መቼ አውቄው! ሲመለስ አላየሁትም ነበር» አሉ። ስለ ባለዕዳቸውም ጠየቅናቸው። «እርሱ ሰውዬ በየጧቱ ይመጣብኝ ነበር፤ እንዳሉኝ ስሙን ለእግዚአብሔር ነገርሁ። ስሙን እየነገርሁለት ሰውየውን መክሰስ አፈርሁና እስከ መኸር ቀን ሰጠሁት። ከዚያ ወዲህ በጸሎቴ መካከል አይመጣም፤ ሌላ ሐሳብ ነው የሚመጣው» አሉን። ይህን እየተነጋገርን ሳለን የሠርክ ደወል ተደወለ፤ እርሳቸውም መቋሚያቸውን አንሥተው ከእኛ ጋር ወደ ቤተ ክርስቲያን ገቡ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።